ሁለት ቀይ ያለው የሚካኤል ሰይፍ

ወንድሜ ደርቤ ሰው ሊገድል የወሰነው ማክሰኞ ነው። እኔ ሰይፉን መሥራት የጀመርኩት ሰኞ ነው። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ሰይፉን የሠራሽው ለግድያው ነው» ቢለኝ ቀን ቆጥሬ እረታዋለሁ። ግን ዋሽታለች እንዳትሉኝ ይችንም ልጨምር፤ ደርቤ «ገዱን እገድለዋለሁ» ሲለኝ እኔ የመለስኩለት «እስካሁንም ቆይተሃል» ብዬ ነው።

የትናየት እባላለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሲከፈት እሱም አልጠራኝ፣ እኔም አልናፈቅሁት። አሁን ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ፣ በጋሼ ያርጋል ሱቅ ሞባይልና ሬዲዮ እጠግናለሁ። የብየዳ ካውያ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም። ካውያ ካልያዝኩ ደግሞ የምማታው በቴስታ ነው። አንድ የሚኒባስ ረዳት «ሴት ልጅ ካውያ ምን ያደርግላታል» ብሎ ፀጉሬን ጎትቶኝ፣ የፊት ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ነው የሄደው።

አባታችን ሰጠኝ የፓርክ ስካውት ነበር። ጥቅምት ሲገባ ከሳንቃ በር በታች ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ የታረደ ዋልያ አገኘ። ሥጋው ተወስዷል። ቀንዱ ግን ቅጠል ተጎዝጉዞበት ተደብቋል፤ ገዳዩ ተመልሶ ሊወስደው ነው። አባባ ቀንዱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሊያመለክት ወደ ደባርቅ ወረደ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ከኋላው ሞተር ሲመጣ ሰማ፣ ሞተሩም ቆመ። ሊዞር ሲል የመጀመሪያው ዱላ ጉልበቱ ላይ አረፈ።

ሁለተኛውም እዚያው ጉልበት ላይ። ጠብመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ወደቀበት። ሦስተኛው ፊቱን አገኘው። ሰውየው ፊቱን በፎጣ ጠቅልሏል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም፣ ዝም ብሎ ይመታል። አባባ እንደሚለው አጥንቱ ሲሰበር ከሕመሙ በፊት የመጣው ድምፁ ነው፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ። ሰውየው ሲደክመው አረፈ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ተነሥቶ ቀጠለ። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ ዕረፍቱ ነው።

ሲጨርስ ከረጢቱን ከነቀንዱ ይዞ ሄደ። አባባ በደም በተሸፈነ ዓይኑ ያየው የሞተሩን የኋላ መብራት ብቻ ነው።

ፖሊሱ ሊጽፍ መጥቶ ምን አየህ ሲለው፣ አባባ ፊቱ እንደ ዳቦ አብጦ በጎን በኩል እየተናገረ፣ መብራቱ ቀይ ነው፣ ግን የበርበሬ ቀይ አይደለም፣ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ነው የሚመስለው አለ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አቆመ። ደርቤ ጣሪያ ጣሪያ አየ። እኔማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን አይቶ ነው ወጥ የሚመርጥ አልን። ከዚያ በኋላ ግራ ዓይኑ ጠፋ፤ እግሩንም ወጌሻው ቢያስረው ጠምሞ ገጠመ። ስለ ቀይ ሥር ዳግመኛ ያነሣ የለም።

ምን ያስነሣል፣ ገዱ እያለ። ገዱ ከታች ሰፈር ነው፤ ቁመቱ በር አያስገባውም፣ አፉም እንደዚያው። መስከረም ላይ አባባ ከብቶቹን ከፓርኩ ሣር ነድቶ አስሮበት ነበርና፣ ገበያ መሐል ቆሞ የሰጠኝን እግር ካልሰበርኩ እናቴ አልወለደችኝም ብሏል። አገር ሰምቶታል። ሞተርም አለው። ፖሊስ ስምንት ቀን አስሮ ማስረጃ የለም ብሎ ለቀቀው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ደርቤ ላይ ጣለ። ባጃጁን ሲያቆም «አባቱን አስደብድቦ የተቀመጠው መጣ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ ግን እንዲሰማው አድርገው። ሽማግሌ ሲላክ አልቀመጥም አለ። ምግብ ተወ። ቢላዋ መሳል ጀመረ።

ሰይፉን ያዘዙኝ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ናቸው። ለኅዳር ሚካኤል የሰንበት ተማሪዎች ድራማ ያሳያሉ፤ ሚካኤል ሰይጣንን ሲጥለው። ባለፈው ዓመት ሰይፉ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተለበጠበት ጣውላ ነበርና ልጆች ሳቁበት። ዘንድሮ እሳት የሚተፋ ይሁን አሉኝ። ሚካኤልን የሚሠራው ገዱ ነው። ሰው ቢያጉረመርም መሪጌታ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው፣ ደግሞም ቁመት ያለው እሱ ብቻ ነው ብለው ዘጉት። ሰይጣኑ አንዱዓለም ነው፤ የደርቤ የልብ ጓደኛ፣ ዳባት ነው የሚኖረው፣ በሞተሩ እየተመላለሰ ይለማመዳል። ደርቤ ደግሞ መጋረጃ ይስባል፣ መብራት ያጠፋል።

አባባ ከተመታ ጀምሮ አንዱዓለም በየሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። አባባን በክንዱ አቅፎ ያነሣዋል፣ ደጅ ያወጣዋል፣ እግሩን ያጥብለታል። አንድ ቀን ሲያጥበው አለቀሰ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው ብለን መረቅነው።

ማክሰኞ ደርቤ ሱቅ መጣና ጋሼ ያርጋል ምሳ እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ስለ ሰይፉ ጠየቀኝ። የያዘውን ሰው ፊት ያበራል ወይ አለኝ። ፊት እንዲያሳይ አልሠራሁትም፣ ሰይፉ ብቻ ነው የሚታየው አልኩት።

«በቃኝ» አለ። «የመጨረሻው ላይ አዳራሹን አጨልማለሁ። ከሰይፉ በቀር የሚታይ የለም። ከእጀታው አንድ ክንድ ዝቅ ሲል ደረቱ ነው። አንዱዓለም ነው ያሰበልኝ። እሱ ይወድቅና ይንከባለላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ መብራት ሲመጣ እኔ መጋረጃዬ ጋ ነኝ።»

እኔም ያን ነው ያልኩት፣ እስካሁንም ቆይተሃል። ካውያዬን ነክሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እንዲያውም ይበልጥ በደንብ መሥራት ጀመርኩ።

ሰይፉ እንዲህ ነው። አካሉ የተቃጠለ ረጅም የጣሪያ መብራት ሽፋን ነው፣ ያ ወተት የመሰለው ፕላስቲክ። እጀታው የመጥረጊያ እንጨት። ኃይሉ ከሞተ ላፕቶፕ ያወጣኋቸው ሦስት የባትሪ ድንጋዮች። ቀዩን ከአንድ ከተገለበጠ ባጃጅ ጌጥ ላይ ነቀልኩ፤ በቀጭን ሪባን ላይ የተደረደሩ ኤልኢዲዎች ናቸው፣ ሲበሩ ጥርት ያለ የበርበሬ ቀይ። ችግሩ ሪባኑ ለግማሽ ሰይፍ ብቻ ነው የሚበቃው። መልአክ ደግሞ በግማሽ ሰይፍ ሰይጣን አይጥልም።

ረቡዕ አንዱዓለም ሱቅ መጣ። ከኮቱ ውስጥ የተጠቀለለ ሪባን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሞተሬ ኋላ ነው የነቀልኩት፣ ከጎንደር አምጥቼ ሳምንት እንኳ አልሠራሁበትም አለ። ከአንድ መከራ ቢያወጣኝ ብዬ ለሚካኤል ተስዬ ነበር፣ ሰይፉ ላይ ይግባልኝ። ስለት እንደሆነ ደግሞ በስውር ነው የሚሰጠው፤ ይህን ማንም ያውቃል።

«ስሜን እንዳታነሺ» አለኝ። «ብታነሺ ሚካኤል ይፍረድብሽ።»

ሪባን ሲጠፋ ሁሉም ነጭ ነው፣ ቀለሙ የሚታወቀው ሲበራ ነው። አንዱዓለም ከሄደ በኋላ ባትሪ ላይ ሳስነካው ቀይ ሆኖ ቀይ አይደለም፤ የሊፕስቲክ ቀለም፣ ያ መናኸሪያ ጋ የሚሸጠው ርካሹ። ተናደድኩ። ያናደደኝ አለመግጠሙ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። አባባ ቀለምን በድስት ነው የሚያውቀው፣ እኔ በሊፕስቲክ።

እንደዚያው ገጣጠምኩት፤ ታችው በርበሬ፣ ላይኛው ሊፕስቲክ። ልምምድ ላይ ሲበራ መሪጌታ አገጫቸውን ይዘው ቆዩና የመልአክ ሰይፍ ነው ወይስ የተጣፈ ሱሪ ነው አሉኝ። ገዱ ሳቀ። ሳቁን ያዝኩለት፤ ሳምንት የማይሞላ ዕድሜ ያለው ሰው ሲስቅ ማየት ደስ ይል ነበር።

ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁበት፣ ጠቆረ። ሬዚስተር ጨምሬ አደከምኩት፣ የታመመ መሰለ። በርበሬውን ባደክመው ደግሞ ቡና ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ጋሼ ያርጋል ሞባይል ወረፋ እየጠበቀ ነው እያለ ጮኸብኝ። በመጨረሻ ሁለቱንም ሪባን ሦስት ሦስት አምፖል እያደረግሁ ቆረጥኩና አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያፈራረቅሁ ደረደርኳቸው። በርበሬዎቹን በአንድ ሽቦ አያያዝኩ፣ ሊፕስቲኮቹን በሌላ ሽቦ፣ ሁለቱን እጀታው ውስጥ አገናኘሁ። ማብሪያውንም ሕፃናት እንዳይነካኩት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ ቦታውን ለገዱ ብቻ አሳየሁት። ሲበራ ወተቱ ሽፋን ሁለቱን ቀይ አቅልጦ አንድ አደረጋቸው። ከላይ እስከ ታች አንድ እሳት። የሠራሁት እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

የሚካኤል ዕለት ሐሙስ ነበር። ታቦቱ ገብቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲበተን ሰይፉን ለአባባ ላሳየው ቤት ሮጥኩ። የቀረችው ዓይኑ ብርሃን ስለማትወድ መስኮቱ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ቀለሙን እንዴት እንዳጋባሁት ልንገረው፣ ልኩራራበት ብዬ ሽቦዎቹን አላቀቅሁና አንድ በአንድ አበራሁ። መጀመሪያ በርበሬውን። ጎሽ አለኝ። ቀጥዬ የአንዱዓለምን።

አባባ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። አፉ ተከፈተ፣ ድምፅ የለም። አንሶላው ሲረጥብ አየሁ። ያ ገደል ለገደል ሲጠራ ድምፁ ተራራ የሚሻገር ሰው አልጋው ላይ ሸናበት።

«አጥፊው» አለ። አጠፋሁት። «ይቺ ናት። ማን ሰጠሽ?»

ሚካኤል ይፍረድብሽ የተባለው ትዝ አለኝ። እንግዲህ ይፍረድብኝ ብዬ ስሙን ጠራሁ። አባባ ብርቱካኑን አየ፣ መስኮቱ ሥር የተደረደረውን። ከዚያ የታጠበ እግሩን።

«ሳምንት ሳምንት እያቀፈ የሚያወጣኝ» አለ።

ሰይፉን ታቅፌ አዳራሹ ድረስ ሳልተነፍስ ሮጥኩ። ደርቤ ከኋላ መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር እየመታ ነበር፣ ቀን ስለሆነ ጨለማው የሚመጣው በብርድ ልብስ ነው። ጎትቼ ነገርኩት፤ ሪባኑን፣ ስለቱን፣ አባባን፣ አንሶላውን። ሲሰማኝ ቆየ። ከዚያ በጥፊ አጮለኝ። አፍንጫዬ ፈሰሰ። አንድ ዓይኑን ያጣ ሽማግሌ ቀለም ለየ ብለሽ ጓደኛዬን ልታስበይኝ ነው፣ ገዱ ምን ሰጠሽ አለ። እኔም በቴስታ ከንፈሩን ሰነጠቅሁለት። ሁለታችንም እየደማን ቆምን።

«ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው፣ ነገ ካልሆነ መንገድ ላይ ነው» አለኝ ደሙን እየተፋ። «ሰይፉን አብሪ፣ አፍሽን ዝጊ።»

ሰይፉን መስበር እችል ነበር። ግን ሰምታችሁታል፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው። ገዱን ማስጠንቀቅም አሰብኩ፤ ገዱ ደግሞ ይህን ከሰማ ወንድሞቹን ሰብስቦ ቀድሞ ደርቤን ነው የሚገድለው። ደርቤ የእኔን አፍ አላመነም። የአባባን አፍ፣ ያውም ሰው ፊት፣ እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ የደርቤን ባጃጅ ቁልፍ ከኮቱ ሰረቅሁ። ነድቼ አላውቅም፤ ሲነዳ ግን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ የዶሮ ቅርጫት ደፈጠጥኩ፣ አንድ ግድግዳ ላጥኩ፣ አባባን ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ጫንነው፣ ደረስን። ከፊት ወንበር አስቀመጥኩት። ሰይፉ ሲበራ ብቻ ተናገር አልኩት። ከዚያ ከመድረክ ጀርባ ገባሁና የሰይፉን እጀታ ፈትቼ የአንዱዓለምን ሽቦ መልሼ አገናኘሁ፣ የበርበሬውን በጥርሴ በጠስኩ። አሁን ሰይፉ አንድ ቀለም ብቻ ነው ያለው።

ገዱ የካርቶን ክንፉን ለብሶ ሰይፉን ሊቀበለኝ መጣ። አፍንጫዬን አይቶ ማን መታሽ አለኝ። ምን አገባህ አልኩት። የአባትሽን እግር አልነካሁም አለ ድንገት፣ ብነካ ኖሮ እስካሁን አፌ አይችለውም ነበር። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ አፍ ምሥጢር አይዝም። ይህን ከአምስት ሳምንት በፊት ማሰብ ነበረብን።

ድራማው ተጀመረ። እኔ ከመድረኩ ጎን መስኮቱ ሥር ቆምኩ፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ በእጄ ጠቅልዬ። አንዱዓለም ፊቱን ከሰል ተቀብቶ፣ የበግ ቀንድ አስሮ እየዘለለ ሕፃናቱን አስለቀሰ። ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ አሁን ሳስበው በጣም ጎበዝ። ከዚያ ደርቤ መብራቱን አጠፋ።

ጨለማ። ከዚያ ሰይፉ በራ።

ሰዉ እልል አለ፣ ያን ቀለም አይተውት አያውቁምና ከሰማይ የወረደ መሰላቸው። እኔ የማዳምጠው የደርቤን እግር ነበር፤ ጣውላው ከመጋረጃው በኩል ቀስ ብሎ ሲጥ ሲጥ ሲል። አባባ ያን ገደል የሚሻገር ድምፁን አወጣ።

«ደርቤ። እግሬን የሰበረው የዚህ መብራት ባለቤት ነው።»

እልልታው በመሐል ተቆረጠ። ያሰብኩት እስከዚህ ነበር። ደርቤ ይሰማል፣ ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ አለቀ። ያላሰብኩት አንዱዓለምን ነው። ወድቆ መንከባለል የነበረበት ሰው ተነሣና ሰይፉ ላይ ተወረወረ። ሊያጠፋው ነው። ከገዱ ጋር ተናነቁ፣ ቡጢ ሥጋ ሲያገኝ ሰማሁ፣ ገዱ ከመድረኩ ተወረወረ፣ ወንበር ተሰበረ። ሰይፉ አሁን በአንዱዓለም እጅ ነው። እጀታውን ይጨምቃል፣ ይቧጥጣል፣ ማብሪያውን አያገኘውም። መብራቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠፋም።

ጣውላውም ሲጥ ሲጥ ማለቱን አላቆመም። ደርቤ አባባን ሰምቷል ወይስ አልሰማም፣ እስካሁን እሱም አያውቀውም። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ በአእምሮው የሳለው አንድ ነገር ነው፤ ከእጀታው አንድ ክንድ ዝቅ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ለሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ብዬ ቆምኩ። ይውጋው አልኩ በልቤ። ወጥመዱን የሠራው ራሱ ነው፣ ቦታውን ያስተማረው ራሱ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያረፈው ታየኝ። ቀጥሎ የታየኝ ግን ደርቤ ነው፣ እጁ በካቴና፣ እና ከዳባት ዱላና ጠብመንጃ ይዘው የሚመጡ የአንዱዓለም ወንድሞች። ብርድ ልብሱን ከነምስማሩ ገነጠልኩት።

የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ እንደ ውሃ ገባ። ቢላዋው በአየር ላይ ነበር። ደርቤ የማንን ፊት እንደሚያይ አየ፣ እጁን ሊመልስ ሞከረ፣ እኔም ዘልዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩና እስከ አጥንቱ ነከስኩት። ደረት የነበረው ትከሻ ሆነ። ቢላዋው የአንዱዓለም አንገት ሥር ካለው አጥንት ጋር ሲፋጭ እንደ ምጣድ ፍቅፋቂ ጮኸ። አንዱዓለም ተንበረከከ፣ ሰይፉ ከሥሩ ሆኖ ተሰበረ፣ ግማሹ ግን መብራቱን አልተወም።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለ ደርቤ።

አንዱዓለም ሊዋሽ እንኳ አልሞከረም። ደሙ በጣቶቹ መሐል እየፈላ፣ ለከረጢቱ ብቻ ነበር የመጣሁት አለ። አንድ መትቼ ልሄድ ነበር። አባትህ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

ደርቤ ቢላዋውን ነቀለው። አሁን በጨለማ አይደለም፣ በቀን ነው፣ የሚወጋውን እያየ ነው። እኔን እንደ ጨርቅ ወረወረኝ። ያን ጊዜ ከኋላው ሁለት ረጃጅም ክንዶች መጥተው ከነክንዱ ጠቅልለው አነሡት። ገዱ ነው። ግንባሩ ተከፍቷል፣ አንደኛው የካርቶን ክንፍ ተሰብሮ ጀርባው ላይ ይወዛወዛል። ደርቤ ተራገጠ፣ በጭንቅላቱ የገዱን አፍንጫ ሰበረ፣ ገዱ አለቀቀውም። ያቀፈው ማን እንደሆነ ደርቤ ሲያውቅ መራገጡን ተወ።

አባባ ከወንበሩ ተንሸራቶ በእጁ እየተጎተተ መድረኩ ሥር ደርሶ ነበር። «ጣለው፣ ልጄ» አለ። ቢላዋው ወደቀ።

ያኔ ነው ያየሁት። የአንዱዓለም ደም የሰይፉ ስባሪ ላይ ፈሶ፣ መብራቱ ከሥሩ ያበራል። የእጄ ልማድ ሆኖ አመሳከርኩት። ከበርበሬውም፣ ከሊፕስቲኩም አልገጠመም።

አንዱዓለም አልሞተም። የቀኝ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ማንኪያ አያነሣም። ቀንዱ ዳባት ከእናቱ ጭድ ውስጥ ከነከረጢቱ ተገኘ። ደርቤ ታስሯል፤ ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤት መካከል እየተመላለሱ ነው። ገዱ ይቅር በል ሲሉት አፍንጫዬ ሲድን አስብበታለሁ ብሏል። መሪጌታ ለእኔ ንስሐ ሰጡኝ፤ ለቴስታው፣ ለንክሻው፣ ለባጃጁ፣ ለዶሮዎቹ፣ እያሉ ሲቆጥሩ ሳቃቸው መጣባቸውና አቆሙ። «እስካሁንም ቆይተሃል» ያልኩትን ግን አልነገርኳቸውም ነበር። በሌላ ቀን ተመልሼ ነገርኳቸው። ለዚያ አልሳቁም።

ባለፈው ሳምንት አባባ ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታል እንድወስድ ላከኝ። እሱም አምጥቶልኛል አለ፣ ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም። አንዱዓለም አልጋው ላይ ነበር፣ ፖሊስ በሩ ላይ ተቀምጧል።  ጣሪያውን እያየ ተናገረ።

«ሚካኤል ስለቴን አልተቀበለኝም።»

«ተቀብሎሃል እንጂ» አልኩት። «አበራው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርቱካኑን በሚሠራው እጁ በኩል አስቀምጬለት ወጣሁ።